የምሩቃን ማኅበር ዝግጅቶችና ንግግሮች፦ ከስም ዝርዝሩ እስከ ማግስቱ ያለው ሥራ

የቀድሞ ተማሪ ጥሪ ሲደርሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «እነማን ይመጣሉ?» ብሎ ነው። ቦታውን፣ ዋጋውንና የተጋባዡን ተናጋሪ ማንነት የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ኮሚቴዎች ግን ጉልበታቸውን በፖስተርና በአዳራሽ ምርጫ ይጨርሱና ለዚህች ጥያቄ መልስ ሳይዙ ጥሪውን ይበትናሉ፤ ሰዉም «እስቲ እናያለን» ይልና በዚያው ይቀራል። እዚህ የቀረበው አሠራር ከሰዎቹ ተነስቶ ወደ አዳራሹ ይሄዳል። የታሰበውም ከ5 እስከ 7 በጎ ፈቃደኞች ላሉት ኮሚቴና ከ40 እስከ 200 ሰው ለሚገኝበት ዝግጅት ነው።

## መጀመሪያ የስም ዝርዝሩ

በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ ስምንት ዓምድ ይበቃል፦ ሙሉ ስም፣ በተማሪነት ጊዜ ይጠራበት የነበረ ስም፣ የምረቃ ዓመት፣ የትምህርት ክፍል፣ ስልክ ከነአገር ኮዱ፣ ኢሜይል፣ የሚኖርበት ከተማ፣ መረጃው የታደሰበት ቀን። ሁለተኛው ዓምድ ትርፍ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በቅጽል ስማቸው ብቻ የሚታወሱ፣ ወይም ከተመረቁ በኋላ ስማቸውን የቀየሩ ሰዎች በየባቹ አሉ፤ የድሮ ጓደኛ የሚፈልጋቸው በዚያ በድሮው ስም ነው። የምረቃ ዓመቱ ደግሞ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ይጻፍ። ሁለት አቆጣጠር ከተደባለቀ ሰው ከማያውቀው ባች ጋር ይመደባል፤ ስህተቱም የሚታየው ዝግጅቱ ዕለት ነው።

በአማርኛ የተጻፈ ዝርዝር የራሱ ጣጣ አለው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንደዚሁ። ስለዚህ ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ተዉትና አጠገቡ አንድ ረዳት ዓምድ ክፈቱ። በረዳቱ ዓምድ ውስጥ የሐ እና የኀ ዘሮች በሀ፣ የሠ በሰ፣ የዐ በአ፣ የፀ በጸ ይተኩ፤ «ሃ»ም ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ም ወደ «አ» ይመለስ። ፍለጋውም በፊደል ተራ መደርደሩም በረዳቱ ዓምድ ይሆናል፤ ባጅ ላይ የሚታተመው ግን ባለቤቱ የጻፈው ነው። ሰው የገዛ ስሙ በሌላ ፊደል ተጽፎ ሲሰጠው ቅር ይለዋል፤ ልክም ነው።

ሁለት ጊዜ የገባን ሰው ለመያዝ ከስም ይልቅ ስልክ ይሻላል። ግን የስልኩን ዓምድ ቁጥር መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት «ጽሑፍ» በሚለው ቅርጽ አስተካክሉት። ካልተስተካከለ ኤክሴል ከፊት ያለችውን ዜሮ ይቆርጣታል፤ 12 አሃዝና ከዚያ በላይ የሆነውን ቁጥር ደግሞ በሳይንሳዊ አጻጻፍ አሳጥሮ ያሳያል፤ ያ ሲገለበጥ የስልኩ መጨረሻ ይጠፋል።

ሙሉ ዝርዝሩን የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። የባች ተወካዮች የየባቻቸውን ክፍል ብቻ ይውሰዱ። ዝርዝሩን በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ ፍጹም አይገባም፤ ሰው ስልኩን የሰጠው ለማኅበሩ እንጂ ለአንድ ሺህ ሰው አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተቋቋመ ማኅበር ከሆነ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ይመለከተዋል፤ መረጃው ለምን እንደተያዘ መንገርና ባለቤቱ «አጥፉልኝ» ሲል ጥያቄውን ማስተናገድ ግዴታው ነው። ሕጉ በማይደርስበት አገርም ቢሆን አሠራሩ መልካም ነው።

## ለዓመቱ ስንት ዝግጅት?

አራት። አንድ ትልቅ የባቾች ሪዩኒየን (ዳግም የመገናኛ ዝግጅት)፣ ሁለት ንግግሮች፣ አንድ ቀለል ያለ የትውውቅ ምሽት። በጎ ፈቃደኞች ሥራና ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ አሥር ዝግጅት አውጆ ስድስቱን መሰረዝ ማኅበሩን የሚያሳጣውን አመኔታ መልሶ ማግኘት ዓመታት ይፈጃል። አራቱም ቀኖች በዓመቱ መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ይነገሩ። ለንግግሮቹ «የወሩ ሁለተኛ ሐሙስ» ዓይነት ቋሚ ቀን ብትይዙ ሰው ሳይነገረውም ያስታውሳል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የበዓላትን፣ የዩኒቨርሲቲውን የፈተናና የምረቃ ሳምንት፣ እንዲሁም በሌሎች ባቾች በራሳቸው የታሰበ ስብስብ ካለ እሱን አጣሩ።

ለሪዩኒየን የዝግጅት ጊዜው 6 ወር ነው፤ ከሌላ አገር የሚመጣ ካለ ፈቃድና የአውሮፕላን ትኬት ስላለ ቀኑን ከ9 እስከ 12 ወር ቀደም ብላችሁ ንገሩት። ለንግግር 8 ሳምንት፣ ለትውውቅ ምሽት 4 ሳምንት ይበቃል።

በየ5 ዓመቱ (5ኛ፣ 10ኛ፣ 25ኛ…) አንድን ባች ብቻ መጥራት የተለመደ ነው። ከዚህ የተሻለ የሚሠራው ግን ሦስት ተከታታይ ባቾችን አንድ ላይ መጥራት ነው። ግቢ ውስጥ ሰው የሚተዋወቀው ከእኩያው ጋር ብቻ አልነበረም፤ የመኝታ ክፍል ተጋሪው፣ ማስታወሻ ያዋሰችው፣ በክበብ አብሮት የሠራው አንድ ዓመት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የተመረቀ ሊሆን ይችላል። አነስተኛ ባችም በዚህ መንገድ አዳራሹ ጭር ከሚልበት ሃፍረት ይድናል።

## የባች ተወካዮችና የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አውሉ።

ለየባቹ፣ ባቹ ትልቅ ከሆነም ለየትምህርት ክፍሉ፣ አንድ ተወካይ ፈልጉ። ጥሩ ተወካይ በሥራው ገናና የሆነው ሰው ሳይሆን ሰው ስልኩን ሲያነሳለት ደስ የሚለው ነው፤ በተማሪነት ጊዜ መዋጮ የሚሰበስበው ወይም ማስታወሻ ፎቶ ኮፒ የምታስደርገው ሰው ብዙ ጊዜ ዛሬም ያው ናቸው። ለአንድ ተወካይ ከ15 እስከ 20 ስልክ በላይ አትስጡ። 40 ስም የተሰጠው ሰው ሥራው ይከብደውና ለሁሉም አንድ መልእክት ገልብጦ ይልካል፤ ያ ደግሞ ከጅምላ ጥሪ አይለይም።

ማንኛውም ጥሪ ከመውጣቱ በፊት በየባቹ አሥር ሰዎች «በእርግጥ እመጣለሁ» ማለት አለባቸው። አሥሩ ሲመረጡ ከተለያየ ወገን ይሁኑ፦ ከትምህርቱ ጎበዞች፣ ከኳሱ፣ ከድራማው፣ ከተማሪዎች ማኅበር፣ ዝምተኛ ከነበሩት። ሁሉም ከአንድ የጓደኛ ቡድን ከሆኑ የቀረው ባች «የእነ እገሌ ድግስ ነው» ብሎ ይተወዋል። ስማቸው በጥሪው ላይ እንዲወጣ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ የተፈቀደውን ብቻ አውጡ።

ተወካዩ ቢቻል ይደውል፤ ካልተቻለ በግል ይጻፍ። የሚከተለው ዓይነት መልእክት መልስ ያስገኛል፦

«ሰላም፣ እንዴት ነህ? ስለ ባቻችን ስብስብ ነው የምጽፍልህ። ከእኛ ክፍል እስካሁን 14 ሰው ተመዝግቧል፤ ስማቸው ከታች አለ። አንተም ብትጨመር ሁላችንም ደስ ይለናል። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ቦታውንና ሰዓቱን ሊንኩ ላይ ታገኘዋለህ። እስከ ወሩ 20 ድረስ አሳውቀኝ። ካልተመቸህም ምንም አይደለም፤ ንገረኝና ለሚቀጥለው እንይዝሃለን።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። «አልችልም» ማለት የሚያሳፍረው ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ያለውን ሰው ደግሞ መቁጠርም መተውም ያስቸግራል። ለአንጋፋ ባቾች ንግግሩ በ«እርስዎ» ይሆናል፤ ደዋዩም ከራሳቸው ባች ቢሆን ይመረጣል። ወጣት የኮሚቴ አባል 70 ዓመት የሞላቸውን ምሁር «የቀድሞ ተማሪ ስለሆኑ…» ብሎ ሲጀምር ንግግሩ የሽያጭ ጥሪ ይመስላል።

## ገንዘቡ

ወጪውን ለሁለት ክፈሉት። የአዳራሽ ኪራይ፣ ድምፅ፣ ፎቶና ኅትመት ስንት ሰው ቢመጣ የማይለወጡ ናቸው። ምግብ፣ መጠጥና ባጅ ግን በሰው ቁጥር ይሄዳሉ። ከዚያ ቋሚውን ወጪ የመግቢያ ዋጋው ከአንድ ሰው ወጪ በሚበልጥበት መጠን አካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ሳትከስሩ መምጣት ያለበት ሰው ብዛት ነው። ለምሳሌ ቋሚ ወጪ 60,000፣ የአንድ ሰው ወጪ 400፣ መግቢያ 1,000 ቢሆን 60,000 ለ600 ሲካፈል 100 ሰው ይሆናል።

ስህተቱ የሚመጣው ከቅናሽ ነው። በዚሁ ምሳሌ 120 ሰው ቢመጣና 30ዎቹ አዲስ ምሩቃን ሆነው በግማሽ ዋጋ ቢገቡ፣ ገቢው 105,000፣ ወጪው 108,000 ነው፤ አዳራሹ ከታሰበው በላይ ሞልቶ ማኅበሩ 3,000 ይጎድልበታል። ቅናሹ ተገቢ ነው፤ አዲስ ምሩቅ ያለ እሱ አይመጣም። ግን ቅናሹን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ፦ ወይ የሌሎቹ መግቢያ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ወይ «ለአንድ አዲስ ምሩቅ እከፍላለሁ» የሚል ምርጫ በምዝገባው ቅጽ ላይ ይግባ። ከጠቅላላው 10 በመቶ ለመጠባበቂያ ያዙ። የስፖንሰር ገንዘብ ሒሳብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንደ ገቢ አይቆጠር። ክፍያ ሁሉ በማኅበሩ ሒሳብ፣ በሁለት ፊርማና በደረሰኝ ይሁን፤ በግለሰብ ሒሳብ የተሰበሰበ መዋጮ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም እንኳ ሐሜት ያመጣበታል።

## ጥሪውና ምዝገባው

በጥሪው ላይ የሚቀመጡት፦ ቀን ከነዕለቱ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ሰዓት፣ ቦታው ከካርታ ሊንክ ጋር፣ ዋጋውና ዋጋው የሚያካትተው፣ የትዳር አጋርና ልጅ ይዞ መምጣት ይቻል እንደሆነ፣ የምዝገባ ማብቂያ ቀን፣ የአንድ ሰው ስልክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እመጣለሁ ያሉት ሰዎች ስም። «የሚያልቅበት ሰዓት» ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ልጅ ቤት ትቶ ለሚመጣ ሰው ግን ወሳኝ ነው።

የመላኪያውን መንገድ ገደቡን አውቃችሁ ምረጡ። ከተራ የጂሜይል አድራሻ በቀን ከ500 በላይ ተቀባይ አይፈቀድም። የዋትስአፕ የብሮድካስት ዝርዝር 256 ሰው ብቻ ይይዛል፤ መልእክቱም የሚደርሰው ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ላስቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ «ላክን፣ ማንም አልመለሰም» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ስለሚይዝ ቦታ አይጠብም፤ ችግሩ ማስታወቂያው በወሬ መሃል መዋጡ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበት ቻናል ለይታችሁ ክፈቱ። በኢሜይል ለብዙ ሰው ስትልኩ አድራሻዎቹ ለሌሎች በማይታዩበት መስመር ይግቡ።

ምዝገባው አምስት ጥያቄ ይብቃው፦ ስም፣ የምረቃ ዓመትና ክፍል፣ ስልክ፣ ስንት ሰው ይዞ እንደሚመጣ፣ የምግብ ወይም የመቀመጫ ልዩ ፍላጎት። የሥራ ቦታ፣ ማዕረግ፣ ደመወዝ ከጠየቃችሁ ሥራ የሌለው ሰው ቅጹን ዘግቶ ይወጣል፤ አለመምጣቱንም ማንም አያውቅም።

ነፃ ዝግጅት ላይ ከተመዘገቡት ሲሶው ቢቀር አትደንግጡ፤ በዚያው ልክ አቅዱ። ትንሽም ብትሆን ቅድሚያ የተከፈለች ገንዘብ ይህን በእጅጉ ትቀንሳለች። ምዝገባው ከዝግጅቱ 10 ቀን በፊት ይዘጋ፤ ምግብ አቅራቢው የመጨረሻውን ቁጥር ከ3 እስከ 7 ቀን ቀድሞ ይፈልጋል። ማስታወሻ ሦስት ጊዜ ይላክ፦ 3 ሳምንት ሲቀረው፣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በዕለቱ ጠዋት። የዕለቱ ጠዋት መልእክት የካርታ ሊንክና የስልክ ቁጥር ብቻ ይኑረው።

## አዳራሹና መግቢያው

ቆሞ ለመጨዋወት ለአንድ ሰው 1 ካሬ ሜትር፣ በክብ ጠረጴዛ ለመቀመጥ 1.5፣ ለንግግር በረድፍ ለመቀመጥ 0.8 ገደማ ያዙ፤ መድረኩ ከዚህ ውጭ ነው። የ180 ሳንቲ ሜትር ክብ ጠረጴዛ 10 ሰው ያስቀምጣል። ንግግር ካለ ግን 6 ብቻ አስቀምጡና ለመድረኩ ጀርባ የሚሰጠውን ጎን ባዶ ተዉት። 80 ሰው በ300 ሰው አዳራሽ ውስጥ ከሚበተን በ100 ሰው አዳራሽ ቢጠጋጋ ይሻላል፤ ወሬ የሚደራው ሰው ሲቀራረብ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ለአረጋውያን ወንበር፣ ለተሽከርካሪ ወንበር ደረጃ የሌለበት መግቢያ፣ በአዳራሹ ባለቤት የተፈቀደው የሰው ብዛት፣ ያልተቆለፈ የአደጋ ጊዜ መውጫ፤ እነዚህን ውል ከመፈረማችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ።

ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉ። የተለመደ ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ሙዚቃው 70 ሲያልፍ ሰው መጮህ ይጀምራል፣ የሚጮኸው ሲበዛ ድምፁ ይብሳል፣ 20 ዓመት ያልተያዩ ጓደኛሞችም ዜና ሳይለዋወጡ ደክሟቸው ይወጣሉ። በስልክ አፕ ጠረጴዛ አጠገብ ለክታችሁ ከ65 በታች አቆዩት፤ ኃላፊነቱንም ለአንድ ሰው በስም ስጡ፤ ዲጄው በራሱ አይቀንስም።

በመግቢያው ያለው ሰልፍ የሚሰላ ነገር ነው። 150 ሰው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይመጣል እንበል። ባጁ ታትሞ የተዘጋጀ ከሆነ አንዱን ለማስተናገድ 30 ሰከንድ ይበቃል፤ በጠቅላላው 75 ደቂቃ ሥራ ስለሚሆን 3 አስተናጋጅ ያስፈልጋል። ባጁ እዚያው በእጅ የሚጻፍ ከሆነ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ 5 አስተናጋጅ ይጠይቃል። ጠረጴዛዎቹን በባች ክፈሉ፤ አብሮ የተማረ ሰው ሰልፉ ላይ ይገናኛል፤ ሰላምታው እዚያው ይጀመራል። በፊደል ተራ መክፈል ግድ ከሆነ የሀ፣ የሐ እና የኀ ስሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ።

ባጁ ላይ ስሙ ከሁለት ሜትር እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከሥሩ ክፍልና የምረቃ ዓመት። በገመድ የሚንጠለጠል ከሆነ በሁለቱም ገጽ አትሙት፤ አለዚያ ግማሹ ሰው ባዶውን ጎን ለብሶ ያመሻል። ማዕረግ አይጻፍ፤ ዶክተሩም ሥራ ፈላጊውም ግቢ ውስጥ በስማቸው ነበር የሚጠሩት።

ብቻውን የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ የሚያውቀው ካላገኘ ጥግ ይዞ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ይወጣል። ለየ25ቱ እንግዳ አንድ ተቀባይ መድቡ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ብቻውን የቆመን ሰው ባጁን አንብቦ፣ ወደ ባቹ ጠረጴዛ ይዞት ሄዶ፣ ስሙን ጠርቶ ማስተዋወቅ። ተቀባዮቹ ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው እንዳይቀሩ ተራ ይግቡ።

## የሪዩኒየኑ ምሽት

4 ሰዓት ለሚፈጅ ምሽት መድረኩ የሚወስደው ጊዜ በጠቅላላው ከ40 ደቂቃ አይለፍ። የሚከተለው፣ በሩ ከተከፈተበት ጀምሮ የሚቆጠር አከፋፈል ይሠራል፦

0:00–0:50 መግቢያ፣ ሰላምታ፣ ቀለል ያለ መጠጥ
0:50–1:05 የቡድን ፎቶ
1:05–1:25 እንኳን ደህና መጣችሁ (5 ደቂቃ)፣ የባቾች ስም ጥሪ፣ ያረፉት የሚታወሱበት ጊዜ
1:25–2:25 እራት
2:25–2:45 ሁለት አጫጭር ንግግሮች፣ ከሁለት የተለያዩ ባቾች
2:45–4:00 ነፃ ጊዜ

ፎቶውን ወደ መጨረሻ ካስተላለፋችሁት ሲሶው ሰው ሄዶ ይጠብቃችኋል። ከ60 በላይ ሰው በደረጃ ላይ ይቁም ወይም ፎቶ አንሺው ከፍ ያለ ቦታ ይውጣ፤ ቢያንስ 10 ጊዜ ይነሳ፣ ዓይኑን የሚጨፍን አይጠፋምና። የባቾች ስም ጥሪው ከአንጋፋው ይጀምር፤ የተጠራው ባች ይቁም፣ ይጨብጨብለት፤ ለአንድ ባች 30 ሰከንድ ይበቃል።

ያረፉት ስም ሲነበብ ጥንቃቄው ከሁሉም በላይ ነው። እያንዳንዱ ስም ከሁለት ምንጭ፣ አንዱ ከቤተሰብ ወይም ከቅርብ ጓደኛ፣ ይረጋገጥ። በሕይወት ያለ ሰው ስም በሙታን ዝርዝር ውስጥ ቢነበብ ይቅርታ የሚያነሳው ጥፋት አይደለም፤ የሞተ ወዳጅ ስም መዘለሉም ለጓደኞቹ እንደዚያው ያማል። አንባቢው ስሞቹን ቀድሞ ጮክ ብሎ ይለማመድ። ቤተሰብ ከተገኘ ስሙ እንደሚነበብ አስቀድሞ ይነገረው።

የገንዘብ ማሰባሰቢያን በተመለከተ፦ ጥሪው ላይ ካልተነገረ ምሽቱ ላይ አታንሱት። በዕድሜ አንጋፋ የሆነው የዊልያምስ ኮሌጅ የምሩቃን ማኅበር በ1821 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲቋቋም ኮሌጁ ፕሬዚዳንቱን አጥቶ ህልውናው አጠራጣሪ በሆነበት ጊዜ ነበር፤ ምሩቃኑ የቆሙለት አስቀድሞ የሚወዱት ቤት ስለነበረ ነው። ፍቅሩ ሳይታደስ የሚቀርብ የመዋጮ ሣጥን ሰውን ያሸሻል። የግድ ከሆነ አንድ ሰው፣ ለ3 ደቂቃ፣ ለአንድ የተለየ ዓላማ፣ ከነመጠኑ ይናገር።

## ንግግሮቹ

ርዕሱን በጥያቄ ቅረጹት። «የሥራ ፈጠራ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» ማንንም ከቤቱ አያስነሳም፤ «ደመወዝ ትቶ የራስን ሥራ ለመጀመር የስንት ወር ወጪ መያዝ ያስፈልጋል?» ግን ያስነሳል። ተናጋሪው የጥያቄውን መልስ ከሥራው የሚያውቅ ይሁን፤ ዝና ሁለተኛ ነው። የቀድሞ መምህራንን አትርሱ፤ ለብዙ ምሩቅ ከማንም ባለሥልጣን ይልቅ የሚያመጣው የድሮ መምህሩ ስም ነው።

ለተናጋሪው በአንድ ገጽ ይጻፍለት፦ የሚሰሙት እነማን እንደሆኑ፣ የትኛውን ጥያቄ እንዲመልስ እንደሚጠበቅ፣ ስንት ደቂቃ፣ ይቀረጽ እንደሆነ፣ ትራንስፖርትና አበል አለ ወይስ የለም፣ ስላይዱ መቼ እንደሚላክ። የትራንስፖርቱንና የአበሉን ነገር ለመጻፍ ማፈር በኋላ ቅሬታ ያመጣል። 8 ሳምንት ሲቀረው ይጋበዝ፣ 3 ሳምንት ሲቀረው ለ20 ደቂቃ በስልክ ይወያይ፣ ሳምንት ሲቀረው ስላይዱን ይላክ። የአማርኛ ስላይድ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ተቀይሮ ሊበላሽ ስለሚችል በፒዲኤፍም አብሮ ይላክ።

ለ75 ደቂቃ ዝግጅት 5 ደቂቃ መግቢያ፣ 25 ንግግር፣ 30 ጥያቄና መልስ፣ 15 ነፃ ጭውውት። 25 ደቂቃ ያንሳል የሚል ተናጋሪ አይጠፋም፤ ቴድ በተባለው ታዋቂ የንግግር መድረክ ግን ጣሪያው 18 ደቂቃ ነው። ሰዓት ጠባቂው ከፊት ረድፍ ተቀምጦ «10»፣ «5»፣ «2» የተጻፈባቸው ወረቀቶች ያሳይ፤ ተናጋሪው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

የፓናል ውይይት ከሆነ ሦስት ሰው ከአንድ አወያይ ጋር። በ60 ደቂቃ ውስጥ ለመግቢያ 5፣ ለታዳሚ ጥያቄ 20 ሲነሳ 35 ደቂቃ ይቀራል፤ ለሦስት ሲካፈል ወደ 12፣ ለአምስት ሲካፈል 7 ነው። በ7 ደቂቃ ሰው ራሱን አስተዋውቆ ያበቃል። ብዙ ወጣቶችን ማሰማት ከፈለጋችሁ በ2003 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ የተጀመረው ፔቻ ኩቻ ይመቻል፦ 20 ስላይድ፣ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ፣ በራሱ የሚያልፍ፤ አንድ ሰው 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ስድስት ሰው 40 ደቂቃ።

ስለ መሥሪያ ቤት ችግር ወይም ስለ ሙያ ውድቀት በግልጽ እንዲወራ ሲፈለግ በ1927 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የወጣው የቻተም ሐውስ ደንብ ይጠቅማል፦ የተነገረውን መጠቀም ይቻላል፤ ማን እንደተናገረውና ከየት እንደመጣ ግን አይገለጽም። ደንቡ ሲጀመር ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ያን ዕለት ቀረጻም የቀጥታ ስርጭትም አይኖርም።

ጥያቄና መልሱን የሚገድለው ንግግር የሚያደርግ ጠያቂ ነው። አወያዩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሱ አዘጋጅቶ ይጠይቅ፤ ሁለተኛውን ለሴት ወይም ለወጣት ታዳሚ ይስጥ፤ መድረኩ ለሌሎችም መሆኑ በዚያ ይታወቃል። ማይክራፎኑ ከረዳቱ እጅ አይውጣ፤ ረዳቱ ይዞ ያቅርብ። ከአንድ ደቂቃ ሲያልፍ አወያዩ «ጥያቄዎን ይንገሩን» ይበል፤ ይህን ማለት ለሌሎቹ ክብር መስጠት ነው።

ድምፁን አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ፈትሹ። የእጅ ማይክራፎን ከአፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ልብስ ላይ የሚሰካው ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይበልና ከአንገት ሐብል ይራቅ። የሚያፏጭ ከሆነ ምክንያቱ ማይክራፎኑ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ መስማቱ ነው፤ ስፒከሩን ከተናጋሪው ፊት ወደ ታዳሚው አስጠጉት፣ ከዚያ ድምፁን ቀንሱ። አዲስ ባትሪ ከነመለዋወጫው፣ አንድ ባለ ገመድ ማይክራፎን በመጠባበቂያ።

## በርቀት ለሚከታተሉ

ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፅ ቢቆራረጥ ግን ይወጣል። ስለዚህ ድምፁ ከሚክሰሩ (ከአዳራሹ የድምፅ መቆጣጠሪያ) በገመድ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ይግባ፤ የላፕቶፑ ማይክራፎን የሚሰማው የአዳራሹን ማስተጋባት ነው። ኢንተርኔቱ በገመድ ይሁን፤ የመላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋቢት መሆኑን ዝግጅቱ በሚካሄድበት ሰዓት ቀድማችሁ ለኩ። ነፃው ዙም 100 ሰው ይዞ በ40 ደቂቃ ይዘጋል፤ ንግግሩ መሃል ላይ የሚቋረጠው በዚህ ነው። በርቀት ያሉትን ብቻ የሚከታተልና ጥያቄያቸውን የሚያነብ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ይመደብ፤ አወያዩም ከታዳሚ የመጣ ጥያቄን ሁሉ ወደ ማይክራፎኑ ይድገም።

ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እና በሦስት አራት ከተሞች ሰዓት ጻፉ። በመጋቢት አካባቢ ተጠንቀቁ፦ አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አብዛኛው አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሑድ ነው፤ በመሃል ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የለመዱት ልዩነት በአንድ ሰዓት ይዛባል። በመኸሩ ደግሞ አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ስለሚቀይሩ ለአንድ ሳምንት ይኸው ይደገማል።

ቀረጻ ለመልቀቅ የተናጋሪው የጽሑፍ ፈቃድ ይያዝ። ፎቶ እንዲነሳ ለማይፈልግ ሰው በባጁ ላይ ባለቀለም ነጥብ ለጥፉ፤ ፎቶ አንሺውም ትርጉሙን ይወቅ።

## ማግስቱ

ሰው ከመበተኑ በፊት የሚቀጥለው ዝግጅት ቀን ከመድረክ ይነገር፤ የምዝገባው ኪውአር ኮድ በየጠረጴዛው ይቀመጥ። በ48 ሰዓት ውስጥ ምስጋናና ከ15 እስከ 20 የተመረጡ ፎቶዎች ይላኩ፤ 600 ፎቶ በአንድ ጊዜ የተለቀቀ እንደሆነ ማንም አያየውም፤ ሙሉው አልበም በሊንክ ይሁን። ለተናጋሪው የተለየ ደብዳቤ፣ ከታዳሚዎች ከተሰበሰቡ ሁለት ሦስት አስተያየቶች ጋር። ላልመጡትም ጻፉ፤ «ስምህ ተነስቶ ነበር» የምትል አንድ መስመር ከባች ተወካዩ ትበቃለች።

በሳምንቱ ኮሚቴው ለአንድ ሰዓት ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቁጥሮቹ ይመዝገቡ፦ ስንት ተጠራ፣ ስንት ተመዘገበ፣ ስንት መጣ፣ ከየትኛው ባች፣ የእያንዳንዱ ተወካይ ጥሪ ስንት ሰው አመጣ፣ ምግብ ስንት ተረፈ። ከሁለት ሦስት ዝግጅት በኋላ የራሳችሁ የቀሪ ሰው መጠን ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሲሶውን ግምት ትታችሁ በእሱ አቅዱ። የተመለሱ ኢሜይሎችና የተቀየሩ ስልኮች ዝርዝሩ ላይ ይታረሙ፤ መግቢያው ላይ በእጅ የተጻፉ አዳዲስ ስሞችም ወረቀቱ ሳይጠፋ ይግቡ። የገቢና ወጪ ሪፖርቱ ከነደረሰኙ በ30 ቀን ውስጥ ለአባላት ይሰራጭ፤ ትርፍ ካለ ለምን እንደሚውል፣ ጉድለት ካለ ከየት እንደተሸፈነ ተጽፎበት።